መቀሱን ከማንሳታችሁ በፊት ጨርቁን ዳብሱት

ልጆቼ፣

ስፌት የጀመራችሁ ወጣቶች ሱቄ ብቅ ስትሉ የምትጠይቁኝ ስለ መኪና ነው። ሞተር ያለው ይሻላል ወይስ በእግር የሚረገጠው? ስለ ጨርቅ የሚጠይቀኝ የለም። እንግዲህ ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ።

እዚህ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሱቅ ከከፈትኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ተራራ አቋርጠው የመጡ ሰዎች የሙሽራ ካባ አዘዙኝ። ጨርቁ ወይን ጠጅ ከፋይ (ቬልቬት) ነው፣ ራሳቸው ናቸው ገዝተው ያመጡት። ካባ ሰፊ ስለሆነ የጨርቁን ሙሉ ወርድ ይበላል። እኔም ጊዜ ልቆጥብ ብዬ ከፋዩን ጫፉን ከጫፉ አገናኝቼ አጠፍኩና ግራና ቀኙን በአንድ ጊዜ ቆረጥኩት። ሰፋሁት። ዳሩን በወርቅማ ክር አሳመርኩት፣ ገበር አስገባሁለት። ማታ በአምፖል ሳየው በጣም ነው የኮራሁት።

በማግስቱ የሙሽራዋ አክስት ካባውን ይዘው በረንዳ ላይ ወጡ። ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና «አንተ ልጅ፣ ይሄ ሁለት ዓይነት ጨርቅ ነው እንዴ?» አሉኝ። ጨርቁ አንድ ነው፤ ዓይናቸው ግን አልተሳሳተም። ቀኙ ጥልቅ ወይን ጠጅ፣ ግራው አመድ የነሰነሱበት ይመስል ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከፋይ ጸጉር አለው፤ ጸጉሩም ወደ አንድ ወገን ይተኛል። ጸጉሩ ወደ ታች ሲተኛ ብርሃን ጎኑ ላይ ያርፍና ይመለሳል፤ ጨርቁ ፈካ ብሎ ያብረቀርቃል። ወደ ላይ ሲሆን ብርሃኑ በጸጉሩ መሃል ገብቶ ይቀራል፤ ቀለሙ ይጠቁራል። እኔ ጫፍ ከጫፍ ሳጥፈው የላዩ ሽቅብ፣ የሥሩ ቁልቁል ሆኖብኛል። ዳሩን ከዳሩ አገናኝቼ በርዝመቱ ባጥፈው ኖሮ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ባዩ ነበር። ወርዱ አልበቃ ካለና የግድ ጫፍ ከጫፍ ማጠፍ ካለባችሁ፣ እጥፋቱ ላይ ቁረጡና የላዩን ጨርቅ ብቻ ሳትገለብጡት የራስጌው ጫፍ ወደ ግርጌ እንዲመጣ አዙራችሁ መልሳችሁ አንጥፉት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔን ግን የአንድ ወር ገቢ አስከፍሎኛል።

አቅጣጫውን በዓይን አትፈልጉት። እጃችሁን ታጠቡና በርዝመቱ በመዳፋችሁ ዳብሱት። የጥጃ ጀርባ ከአንገት ወደ ጭራ ስትዳብሱ እንዴት ይለሰልሳል? ወደ አንገት ስትመልሱት ደግሞ ይቆረቁራል። ጨርቁም እንደዚያው ነው። የሚለሰልስበትን ወገን ስታገኙ ጀርባው ላይ በጠመኔ ቀስት አድርጉ። አንድ ቀስት አይበቃም፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ፣ ኪስና ኮሌታ ሳይቀር። ኮሌታ የሚያጋልጥ ነገር ነው፤ ፊት ስር ነዋ።

ሽቅብ ወይስ ቁልቁል? ሁለቱም ያስኬዳል፣ ዋናው ሁሉም አንድ መሆኑ ነው። እኔ ካባን ሽቅብ አደርገዋለሁ፣ ቀለሙ ይከብራል። ኮርዶሮይ ሱሪን ግን ቁልቁል፤ ሲቀመጡበት ሲነሱበት ብዙ አይጎዳም፣ አቧራውም በእጅ ጠረግ ሲያደርጉት ይሄዳል። አንዳንድ ሳቲንም ጸጉር ሳይኖረው አቅጣጫው ሲዞር ቀለሙ ይለያል። አበባው ወደ አንድ ወገን የቆመ ጨርቅም ያው ነው። ቀሚስ ላይ ቁልቁል የተዘቀዘቀ ጽጌረዳ አይቼ ከታክሲ ልወርድ ነበር።

እንዲህ ባለ ጨርቅ ላይ ቁራጮቹን ሽቅብ ቁልቁል እያዟዟራችሁ ማቀራረብ ስለማትችሉ የሚያስፈልገው ጨርቅ ይጨምራል። እንደ ሞዴሉ ሩብ ወይም ግማሽ ሜትር። ይህን ለደንበኛው ጨርቁን ሳይገዛ ንገሩት። ብዙዎቻችሁ ደንበኛ ይሸሻል ብላችሁ ትፈራላችሁ፣ ከዚያ በመጣው ጨርቅ ልታብቃቁ አንዱን እጅጌ ትገለብጣላችሁ። ይሄ ያናድደኛል። እኔ ባለማወቄ ነው ያጠፋሁት፤ እናንተ እያወቃችሁ ነው።

ስትሰፉ ሁለት ከፋይ ፊት ለፊት ከተገናኘ የላዩ ይሸሻል። በስፒል ብቻ አትመኑት፣ በእጅ ወስውሱት። ስፒልም ከሰካችሁ ስፌቱ ውስጥ በሚገባው ዳር ላይ ይሁን፤ ፊቱ ላይ ከሆነ ምልክቱ ይቀራል። ካውያ ፊቱን አይንካው። ጸጉሩ ከተዳጠ አይመለስም። ከሥር ሌላ ከፋይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ አንጥፉ፣ ከጀርባው በእንፋሎት ብቻ ቀስ እያላችሁ ተኩሱ።

ያኔ ቀለሙ የሚመሳሰል ከፋይ ገበያው ላይ አጣሁ። የካባውን ሙሉ ጨርቅ ከኪሴ ገዝቼ ሁለት ሌሊት ሰፋሁ። አክስትየዋ ጠዋት መጥተው አሁንም በረንዳው ላይ ወጡ፣ ገልበጥ አደረጉት፣ ምንም ሳይሉ አጥፈው ያዙት።

የተበላሸው ካባ እኔ ዘንድ ቀረ። የግራው ቁራጭ አሁንም መተኮሻ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ከፋይ ስተኩስ ከሥር የማነጥፈው እሱን ነው።