ለአሮጌ ቱ-ስትሮክ ሞተር ምን ዓይነት ቤንዚን ይሻላል? ጥያቄና መልስ

ስለ ቱ-ስትሮክ ሞተር (ዘይትን ከቤንዚን ጋር አብሮ ስለሚያቃጥለው) ነዳጅ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ጥያቄው ጎረፈ። አብዛኛው «ሞተሬን ቤንዚኑ ነው የበላብኝ» የሚል ነው። እኔ ግን ከቤንዚኑ በፊት ዘይቱን እጠረጥራለሁ።

ጥያቄ (ከጣርማበር)፦ ባህር ዛፍ የምቆርጥበት ቼይንሶው (የሞተር መጋዝ) አሮጌ ነው። ዘይቱን በቆርኪ እለካለሁ። ስንት ቆርኪ ይበቃል?

መልስ፦ ቆርኪውን ተወው ወንድሜ። ከፋርማሲ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዛ። የመጋዙ ቤንዚን መሙያ ክዳን ላይ ወይም መመሪያው ላይ 50፡1 ካለ፣ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። 25፡1 ካለ 40። ግማሹን ቤንዚን ጀሪካን ውስጥ ጨምር፣ ዘይቱን አስከትል፣ ናጠው፤ የቀረውን ሞልተህ ድገመው። ዘይት ካነሰ ፒስተኑ ይነክሳል (ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል)። ማብዛቱም አያዋጣም፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ይደፈናል።

ጥያቄ፦ የመኪና ዘይት ብቀላቅልስ?

መልስ፦ አይሆንም። የመኪና ዘይት ከቤንዚን ጋር አብሮ እንዲቃጠል አልተሠራም፤ አመድ ይተዋል። ለቼይንሶው ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤፍ ሲ» (JASO FC) ወይም «ኤፍ ዲ» (FD) የሚል የጥራት ደረጃ ያለበት የቱ-ስትሮክ ዘይት ፈልግ።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ያው መጋዝ፣ ያው ቤንዚን። ቆላ ላይ እንደ ልቡ ይሠራል፤ ደብረ ብርሃን ስወስደው ያፍነዋል፣ ይጨሳል። ደጋ ላይ የሚሸጠው ቤንዚን ይለያል እንዴ?

መልስ፦ ጎሽ፣ ይቺን ጥያቄ ስጠብቃት ነበር። የሚለየው አየሩ ነው። ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን 2,800 አካባቢ። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ (ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ክፍል) የሚሰጠው ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላውን ፍታና እየው፦ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው። ካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን የቤንዚን ብሎን ትንሽ ጠበቅ ማድረግ ያስተካክለዋል። አደጋው ግን ስትመለስ ነው። ደጋ ላይ ያጠበቅካትን ብሎን ሳትመልስ ቆላ ወርደህ ሙሉ ጋዝ ከሰጠኸው፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል። ቤንዚን ሲያንስ አብሮት የሚመጣው ዘይትም ያንሳል፤ ሞተሩ ግሎ ይቆልፋል። ቆላው ሙቀት ደግሞ ምሕረት የለውም። ስለዚህ ከቁልቁለቱ በታች ብሎኗን መልስ።

ጥያቄ፦ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ብገዛስ?

መልስ፦ ማደያ ሰልፍ ሲረዝም ማን ያልገዛ አለ! ብቻ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት እንዳይሆን። ዘይት ሳትጨምርበት ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርግ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተኖ ምንም አይተውም ማለት ይቻላል። ነጭ ጋዝ ካለበት የቅባት ምልክት ይቀራል። ከእሳትና ከሲጋራ ርቀህ ታዲያ።

ጥያቄ (ከመንዝ)፦ የመሥሪያ ቤታችን አሮጌ ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ሳይክል ላይም ዘይት ከቤንዚኑ ጋር እንቀላቅል?

መልስ፦ የለም። እሱ ለብቻው የዘይት ቋት አለው፤ ፓምፑ ራሱ ይመጥናል። ቋቱ እንዳይደርቅ ብቻ ተጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ አጎቴ ጣና ላይ የድሮ የጀልባ ሞተር አለው። የእኔን የቼይንሶው ዘይት ልላክለት?

መልስ፦ አትላክ። የጀልባ ሞተር በውሃ ነው የሚቀዘቅዘው፤ የራሱ ዘይት አለው፣ «ቲሲ-ደብሊው 3» (TC-W3) የሚል። መጠኑን ከሞተሩ መመሪያ ይይ፤ አንዳንድ ጥንታዊ ሞተሮች 24፡1 ይፈልጋሉ። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ካጋጠመው ደግሞ የጎማ ቱቦዎቹን ይፈትሽ። ኢታኖል ውሃ ይስባል፣ የቆየ ጎማም ይበላል። ጀልባውን ለወራት የሚያቆም ከሆነ ካርቡሬተሩን አድርቆ ይተወው።