ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ሥራ

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ በአውቶ መካኒክ ተመርቆ ሊያማክረኝ ኮምቦልቻ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ ኦፕሬተር ልሁን ወይስ ጋራዥ ልግባ?» አለኝ። ቡናው በረካ እስኪደርስ አወራን። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፈው ብዬ ነው።

ስለ ከባድ ማሽን ስታስቡ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚታያችሁ። አንዱ እስካቫተሩ ላይ የተቀመጠው ነው፣ ሌላው ከሥሩ የተኛው። ሁለቱም ደህና እንጀራ ነው። እኔ ግን ሠላሳ ምናምን ዓመት ልጆቼን ያሳደግሁት ከሦስተኛው ቦታ ነው። ትራክተር፣ ኮምባይነርና ዶዘር የሚሸጥ ቤት ውስጥ፣ ከመለዋወጫ ባንኮኒው ጀርባ።

ማሽን የሚሸጠው አንዴ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜ ልኩን ፊልትሮ ይላል፣ ኩሽኔታ ይላል፣ ፖምፓ ይላል። በአብዛኛው ማሽን ላይ የሞተር ዘይትና ፊልትሮው በየ250 ሰዓቱ ይቀየራል። ሰዓት ነው ያልኳችሁ፣ ኪሎ ሜትር አይደለም። ቀን ከሌት መንገድ የሚቆፍር እስካቫተር ይህንን ሰዓት በሁለት ሳምንት ይጨርሰዋል። ሻጩ ቤት ውሎ የሚያድረው በዚህ ነው። ስለዚህ ሰው የሚፈልገውም በዚህ በኩል ነው። የመለዋወጫ ሠራተኛ፣ መጋዘን ጠባቂ፣ ማሽኑ ያለበት ድረስ ሄዶ የሚጠግን መካኒክ፣ ላፕቶፕ ሰክቶ ብልሽት የሚያነብ፣ ኦፕሬተር የሚያሠለጥን፣ ማሽን የሚጭነውን ዝቅ ያለ ተሳቢ፣ ሎቤድ፣ የሚነዳ፣ የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጅ። ገበሬው ልማት ባንክ ሄዶ በሊዝ ፋይናንስ፣ ማለትም እየሠራበት ቀስ በቀስ እየከፈለ፣ ትራክተር ልውሰድ ሲል ወረቀቱን የሚያስተካክልለትም አንድ ሰው ያስፈልጋል። አካውንቲንግ የተማራችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ከከሚሴ በኩል አንድ አዛውንት መጡ። የትራክተር ሃይድሮሊክ ፖምፓ ጓርኒሲዮን፣ ዘይት እንዳያፈስ በብረቶቹ መሃል የሚገባውን ስስ ማሸጊያ፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘዋል። ግማሹ ተቀዷል። ከመደርደሪያው አንዱን አወረድኩና ከላዩ ደረብኩት። ልክክ አለ። የጎደለውን ግማሽ በሐሳቤ ሞላሁት ማለት ነው። ገንዘቡን ተቀብዬ ሸኘኋቸው። በማግስቱ ጠዋት በር ሳንከፍት ቆመው አገኘኋቸው። በተቀደደው በኩል አንድ የቡሎን ቀዳዳ ይበልጥ ነበር። ፖምፓው ተከፍቶ፣ ትራክተሩ ማሳ ላይ ቆሞ፣ የዘር ወቅት ነው። አልተቆጡም። «ልጄ፣ አንተ የማሽኑን ቁጥር አትጠይቅም እንዴ?» ብቻ አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው የአንድን ሞዴል ስም ሳይቀይር ፖምፓውን መሃል ላይ ይቀይረዋል። በስም አንድ የሆኑ ሁለት ትራክተሮች በሆዳቸው ይለያያሉ። የሚለያቸው ማሽኑ ላይ የተመታው ሴሪያል ቁጥር ነው። የመለዋወጫ መጽሐፉም «ከዚህ ቁጥር እስከዚህ ቁጥር ይሄኛው፣ ከዚያ ወዲያ ያኛው» እያለ ነው የሚከፋፍለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደብተር ያዝኩ። የደንበኛው ስም፣ ሞዴሉ፣ ሴሪያሉ፣ የገዛው ዕቃ ቁጥር። ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ አለ ትሉኛላችሁ። አለ። ግን መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል። ደብተር ያዙ።

ስለ ቋንቋም ላንሳ፣ ማንም ስለማይነግራችሁ። ኮምቦልቻ መስቀለኛ ናት። አንዱ መንገድ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ይገባል፣ አንዱ ወደ ከሚሴ፣ አንዱ በባቲ አድርጎ ወደ አፋር ይወርዳል። ባንኮኒው ላይ በአንድ ቀን አማርኛም ኦሮምኛም አፋርኛም ይመጣል። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። መካኒኩ ደግሞ ጣሊያን ትቶልን በሄደው ቋንቋ ነው የሚያወራው፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፍሪሲዮን። እነዚህን ሁሉ የሚያገናኝ ልጅ ዲግሪው ባይደምቅም ሥራ አያጣም። እኔ ኦሮምኛውን የለመድኩት ከገበሬ ጋር ሻይ ስጠጣ ነው። አሁንም እሰባብረዋለሁ፣ ይስቁብኛል፣ ግን ይገዙኛል።

መስክ መውጣት ለምትፈልጉ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሃይድሮሊክ ቱቦ የት እንደሚያፈስ በእጃችሁ እየዳበሳችሁ አትፈልጉ። ካርቶን አስጠጉና እዩ። ቀዳዳዋ የመርፌ ጫፍ ብታክልም፣ የሚወጣው ዘይት በግፊቱ ቆዳ በስቶ ይገባል። አብሮኝ የሠራ ልጅ በጓንት ዳበሰው። ትንኝ የነከሰችው ነበር የሚመስለው። ደም የለ፣ ሕመም የለ፣ ስቀን አለፍነው። ማታ እጁ አበጠ። በኋላ አንድ ጣቱን አጣ። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ባያማችሁም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ዘይት በግፊት እንደገባባችሁም ንገሩ።

ደመወዙስ? ሲጀመር ትንሽ ነው፣ አልዋሻችሁም። ጓደኞቻችሁ ኦፕሬተር ሆነው አበል ሲቆጥሩ እናንተ ካርቶን ስትደረድሩ ትውላላችሁ። አብሽሩ። ኦፕሬተሩ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ቤቱ ይገባል፣ እናንተ ጋ ግን ሌላው ማሽን ተራውን ይጠብቃል።

ፈተናው ሌላ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ሰማይ ወጥቷል። ፎርጅዱ ደግሞ በኦሪጅናል ካርቶን ተጠቅልሎ አጠገቡ ይቀመጣል። ድሮ አንድ አለቃ ነበረኝ፣ ፎርጅድ ፊልትሮ በኦሪጅናል ዋጋ እንድሸጥ የሚገፋኝ። ለሁለት ወር ሸጥኩ። እውነቱን ነው የምጽፍላችሁ። ከዚያ የአንድ ደንበኛ ሞተር ነከሰ፣ ተጣብቆ አልዞርም አለ። የሸጥኩለት ፊልትሮ ውስጡ ተበጣጥሶ ነበር የተገኘው። ሰውየው ምንም አልጠረጠረኝም፤ እንዲያውም አዲሱን ሞተር የት እንደሚያገኝ እኔኑ አማከረኝ። ያንን ቤት ለቅቄ ስድስት ወር ሥራ ፈታሁ። ባለቤቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

ሴቶች ልጆች «ይሄ የወንድ ነው» ሲሏችሁ አትስሙ። መጋዘናችንን ለዓመታት የመራችው ሴት ናት። መብራት ሲጠፋ በዳበሳ ገብታ የተጠየቀችውን ይዛ ትወጣ ነበር፤ እኛ ወንዶቹ ስልካችንን እያበራን እንደናበራለን።

ከእህቴ ልጅ ጋር እያወራን ሳለ ስልኬ ጮኸ። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ግን ይደውላሉ። ከጃማ በኩል አንድ ደንበኛ ነው፣ ስንዴ እያጨደ ኮምባይነሩ ቆሞበታል። «ሴሪያሉን አንብብልኝ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ጭቃ ለብሷል፣ አይታይም።»

«በል ጥረገውና መልሰህ ደውል» አልኩት። ልጁ ዞር ብሎ ደብተሬን ከመደርደሪያው አወረደልኝ።