ቁም ሳጥን ላይ ስምንት ዓመት የቆየ ወይን

ጥያቄው የመጣው እዚሁ አዳማ ከምትኖር አንባቢ ነው። ባጭሩ እንዲህ ትላለች፦

«ጋሼ፣ በ2010 ዓ.ም. ከሰርጌ የተረፉ ስድስት ጠርሙስ ወይኖች አሉኝ። አራቱ ቀይ፣ ሁለቱ ነጭ። ውድ አይደሉም፣ ተራ ወይኖች ናቸው። ካርቶን ውስጥ አጋድሜያቸው መኝታ ቤት ቁም ሳጥን ላይ ነው የኖሩት። ሰሞኑን ሳወርዳቸው የሁለቱ ቀዮች አንገት ላይ የሚያጣብቅ ነገር አገኘሁ። የአንደኛው ቡሽ ትንሽ ወደ ውጭ ወጣ ብሏል። ነጮቹ ቀለማቸው ሻይ መስሏል። አራተኛውን ቀይ ወንድሜ መክፈቻ ሲያጣ በቢላ ታግሎ ቡሹን ወደ ውስጥ ገፋው። አፉን በፌስታል አስረን ፍሪጅ ካስገባነው ሦስት ሳምንት ሆነው። ጎረቤቴ ስኳርና አረቄ ጠብ አድርጊበት ብላኝ ጨምሬበታለሁ። ቅዳሜ ለእህቴ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል ይባል የለ? ላቅርባቸው ወይስ ልድፋቸው?»

እህቴ፣ «የሚያጣብቅ ነገር» ካልሽበት ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ወይንሽን የጎዳው ዕድሜው ብቻ አይደለም። ሙቀቱ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ እዚሁ አዳማ ሆቴል ቤት ሠርቻለሁ፤ ባርም ቆሜያለሁ፣ ስቶርም ይዣለሁ። አንገቱ ላይ የደረቀ ወይን ያለበት ጠርሙስ በመጣ ቁጥር የኖረበትን ቦታ እጠይቃለሁ። መልሱ ሁሌም ያው ነው፤ ወይ ፍሪጅ አናት ላይ፣ ወይ ምድጃ አጠገብ፣ ወይ ቁም ሳጥን ላይ።

ጣሪያችሁ ቆርቆሮ ነው ብዬ እገምታለሁ። ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠ ካርቶን ከኮርኒሱ የሚርቀው አንድ ክንድ ቢሆን ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወንበር ላይ ወጥተሽ እጅሽን ወደዚያ ዘርጊ። ወለሉ ላይ ያለው አየርና እላይ ያለው አየር አንድ አይደለም። ወይንሽ ስምንት ዓመት የኖረው እዚያ ነው።

ስለዚህ ፍርዱን ከአሁኑ ልንገርሽ። ነጮቹን ለሽማግሌ አታቅርቢ። የተከፈተውን ዛሬውኑ ድፊው። ሦስቱ ቀዮች ግን ተከፍተው ሳይቀመሱ አይፈረድባቸውም። አንገቱ ያልተጣበቀው፣ ቡሹም ያልተነቃነቀው አንዱ ሊተርፍ ይችላል ብዬ አስባለሁ።

«ሲቆይ ይጣፍጣል» የሚባለው ለጥቂት ወይኖች ነው። ተራ ወይን ከፋብሪካ ሲወጣ ለመጠጣት ዝግጁ ሆኖ ነው የሚወጣው። ነጩን በአንድ ሁለት ዓመት፣ ቀዩን በሦስት ቢበዛ በአምስት ዓመት ውስጥ ብትጠጪው ነው የሚያምረው። ለመቆየት ተብለው የሚሠሩት ደግሞ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ፣ 12 ወይም 13 ዲግሪ ላይ ነው የሚተኙት። አዳማ ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል ያለው ቤት ብዙም አላየሁም።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳሽ፤ ይቺን ለማስረዳት አልሰለችም። ወይን ሲሞቅ መጠኑ ይጨምራል። 750 ሚሊ ሊትር ወይን ሙቀቱ በ15 ዲግሪ ቢጨምር ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ይሰፋል። የሻይ ማንኪያ ግማሽ ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን በቡሹና በወይኑ መካከል ያለው ባዶ ቦታም የሚይዘው ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ውስጥ ያለው አየር ይታመቃል፤ መሄጃ ሲያጣ ቡሹን ይገፋል። ጠርሙሱ ተጋድሞ ስለነበር ቡሹን የነካው ወይን በጎን በጎኑ ሾልኮ ይወጣል። እሱ ነው አንገቱ ላይ ደርቆ የሚያጣብቅሽ። ይሄ እንግዲህ የቀኑ ሥራ ነው።

ማታ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ ወይኑ ይሰበሰባል። የወጣችው ጠብታ አትመለስም። በእሷ ቦታ ጠርሙሱ በዚያችው ቀዳዳ ከውጭ አየር ይስባል። ቀን ይገፋል፣ ማታ ይስባል። ልክ እንደ ብስክሌት ፓምፕ። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ምንም አይደል። ስምንት ዓመት ሲሆን ግን ወደ 2,900 ጊዜ ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው አየር ወይኑን ይበላዋል። የተቆረጠ ፖም ሲቆይ ቡኒ ይሆን የለ? ነጮቹ ሻይ የመሰሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ቀይ ወይን ከፍሬው ቅርፊት የወሰደው ጎምዛዛ ነገር ስላለው ትንሽ ይታገላል፤ ነጭ ያ መከላከያ የለውም። ለዚህ ነው ቀዮቹን ቅመሻቸው የምልሽ።

ማጋደምሽ ትክክል ነበር። ቡሽ እርጥብ ሆኖ ካልኖረ ይደርቅና ይሰነጠቃል። የተሳሳትሽው ቦታው ላይ ነው። አንድ የማዝንበት ነገር ግን አለ። የብዙ ርካሽ ወይን ቡሽ ከፍርፋሪ በሙጫ የተጣበቀ ነው። ጠጋ ብለሽ ካየሽው ፍርፋሪው ለብቻው ይታያል። ለሁለት ዓመት ይበቃል፤ ለስምንት ዓመት አይሆንም። መክፈቻው ደግሞ ይብሳል። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ጠመዝማዛው ቀጭን ነው፤ አሮጌ ቡሽ ሲያገኝ መሃሉን በስቶ ባዶውን ይወጣል፣ ቡሹም ይፈርሳል። ከገዛሽ ጠመዝማዛው ወፈር ያለ፣ ክንድ ያለውን ግዢ።

አሁን ወደ ሥራው። ሐሙስ ጠዋት ሦስቱን ቀዮች ቀስ ብለሽ አቁሚያቸው፤ አትነቅንቂያቸው። አተላው እስከ ቅዳሜ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ በብርሃን አንገታቸውን እዪ። ወይኑ ከቡሹ በታች ምን ያህል ጎድሏል? አንድ ጣት ገደማ ከሆነ ተስፋ አለ። የጠርሙሱ ትከሻ ድረስ ከወረደ አየር ገብቶበታል ማለት ነው። ቀለሙን ደግሞ ነጭ ሳህን ላይ ቀድተሽ ተመልከቺ። ጠርዙ ጡብ ቢመስል ዕድሜ ነው፣ አይከፋም። መሃሉም ጭምር ቡኒ ከሆነ ግን አብቅቶለታል። ዓመቱን ስትቆጥሪ ደግሞ እንዳይምታታብሽ፤ ከውጭ የመጣ ወይን ላይ የተጻፈው ዓመት የፈረንጆች ነው፣ ወይኑ የተለቀመበት።

ቡሹ ወጣ ያለውን ስትከፍቺ ፎጣ ጠቅልይበት፤ አፉንም ከፊትሽና ከልጆች አዙሪ። ጠመዝማዛውን በቀስታ እስከ መጨረሻው አስገቢ። ቡሹ ከፈረሰ አትታገዪው። የቀረውን በንጹሕ የእንጨት ማንኪያ እጀታ ወደ ውስጥ ግፊና ወይኑን በታጠበ ነጭ ጨርቅ ወደ ጆግ አጥልዪው። የቡሽ ፍርፋሪ አይጎዳም። አተላውም አይጎዳም። ቡሹ ግርጌ ላይ ስኳር የሚመስሉ ብልጭልጭ ነገሮች ብታዪም አትደንግጪ፤ ከራሱ ከወይኑ የወጣ ጨው ነው።

የሚጎዳው ጠርሙሱ ነው። በዚህ ላይ አደራ እልሻለሁ። በቢላ አይከፈትም። በጫማ ተደግፎ ግድግዳ ላይ አይደበደብም። አንገቱ እሳት ላይ አይያዝም። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ በሠርግ ጥድፊያ መሃል በቢላ ሲታገል የጠርሙሱ አፍ ተፈንክቶ መዳፉን ሲሰነጥቀው በዓይኔ አይቻለሁ። ስፌቱ ሳይሆን ብርጭቆ ውስጥ የተገኘችው ስባሪ ናት እስከ ዛሬ የማትረሳኝ። የጥፍር ስባሪ የምታክል፣ ቀይ ወይን ውስጥ የማትታይ ነገር። አንድ ሰው ሊጠጣት ብርጭቆውን አንስቶ ነበር።

ከተከፈተ በኋላ አሽትቺው። አቼቶ ከሸተተሽ፣ ኮምጧል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተተሽ፣ ድፊው። እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ጓዳ ከሸተተሽ፣ ችግሩ ከቡሹ ነው፤ ጤና አይነካም፣ ግን ጣዕም የለውም። የበሰበሰ ፖም ወይም ያረጀ ለውዝ ከሸተተሽ፣ አየር በልቶታል። የፍሬ ሽታው ከመጣልሽ፣ ደከም ያለም ቢሆን፣ አንድ ጉንጭ ያዢና ቅመሺ። ከወደድሽው በዚያው ምሽት ይጠጣ። እንዲህ ያረጀ ወይን ከተከፈተ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ ለነገ አይቀመጥም።

«ያመናል ወይ?» ብለሽ ባትጠይቂም እንደምትፈሪ አውቃለሁ። ፋብሪካ የዘጋው ወይን ቢበላሽ ጣዕሙ ይከፋል እንጂ አይመርዝም። አልኮሉ ከ11 እስከ 14 በመቶ ነው፣ አሲድም አለው፤ በሽታ የሚያመጡ ተሕዋስያን እዚያ ውስጥ አይመቻቸውም። ይህን የምልሽ ግን ከፋብሪካ ወጥቶ እስካሁን ላልተነካው ጠርሙስ ብቻ ነው።

ፍሪጅ ያለው ተነክቷል። ጎረቤትሽ በቅንነት ነው የመከረችሽ፣ ግን የሞተ ወይን በስኳር አይነሳም። ስኳሩ ኩምጠጤውን ለጊዜው ይሸፍነዋል፤ አረቄው ያቃጥላል፤ የጠፋውን ሽታ የሚመልስ የለም። የተከፈተ ወይን ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ነው፤ ሦስት ሳምንት በፌስታል ታስሮ አይሆንም። እንዲያው ጣፋጭ ሆኖ ቢገኝ እንኳ አልጠጣውም። ወንድምሽ በቢላ ነው የከፈተው። የጠርሙሱን አፍ በጣትሽ ሳይሆን በጥጥ ዙሪያውን አስኪጂበት። ጥጡ ከተቧጨረ ወይም ክሩ ከተያዘ ስባሪ ወድቆበታል። ባይያዝም ድፊው። «አጥልለን እንጠጣ» እንዳትሉ፤ ጨርቅ ጥቃቅን ስባሪ ሁሉ አያስቀርም። ባዶውንም ጠርሙስ ጠቅልለሽ ጣዪው፣ ልጆች እንዳያገኙት።

ነጮቹን ቅመሻቸውና ፖም ፖም ብቻ የሚሸቱ ከሆነ ለምግብ ይሆናሉ። ለጥብስ የተከተፈ ሥጋ ላይ አንድ ሲኒ ጨምረሽ ለአንድ ሰዓት አቆዪው፤ ያለሰልሰዋል። ንጹሕ አቼቶ የሸተተ ካለም ለሰላጣ ነው። ሌላ ሽታ ካለው ለወጥም አታስገቢው፤ መጥፎ ሽታ ድስት ውስጥ ይበረታል እንጂ አይጠፋም።

ለቅዳሜው በእነዚህ ብቻ አትተማመኚ። ሁለት ሦስት አዲስ ጠርሙስ ግዢ። ወይኑ የሚለማበት ዝዋይ እኮ ሩቅ አይደለም፤ አካሺያም በለው ሪፍት ቫሊ እዚሁ ታገኚያለሽ። ትልልቆቹ ጣፋጭ ከወደዱ አክሱሚት፣ ደረቅ ከወደዱ ጉደር። ስትገዢ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን ጠርሙስ ትተሽ ከውስጥ ከመደርደሪያው ሥር አውጡልኝ በያቸው። እስከ ቅዳሜ ወለሉ ላይ፣ አልጋ ሥር፣ ግድግዳ ጥግ አስቀምጪው። ነጩን ጠዋት ፍሪጅ አስገቢ፤ ቀዩን ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው ግማሽ ሰዓት በፊት። መብራት ከጠፋ ባልዲ ውኃ ውስጥ እስከ አንገቱ አቁሚው።

መክፈቻውን ደግሞ ዛሬ ግዢ። ቅዳሜ ሰው ቤት ሞልቶ ሳለ ቢላ የሚያነሳ እንዳይኖር።