ስንት ዓመት ልማር ላልሽኝ

ልጄ፣ «ነጻ ጃዝ፣ ያንን ቋሚ ምት የማይቆጠርበትን ጃዝ፣ ለመጫወት መደበኛውን ድራም ስንት ዓመት መማር አለብኝ?» ብለሽ ጽፈሽልኛል። መጀመሪያ «አሥር ዓመት» ብዬ መለስኩና ሰረዝኩት።

እ.ኤ.አ. በ1994 ኒውዮርክ ነበርኩ፤ ቅዳሜና እሑድ በአበሻ ሰርግ ድራም እመታ ነበር። በዕድሜ የገፋ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሳክስፎን ተጫዋች፣ በቤተ ክርስቲያን ከበሮ ማደጌን ከሰው ሰምቶ ብሩክሊን ወደሚገኘው ምድር ቤቱ ጠራኝ። «ያንን ከበሮ ይዘህ ና» አለኝ። ይዤ የሄድኩት ግን ችክችካ ነበር። እርሱ ሲጮህ እቆጥራለሁ፣ ሲያንሾካሹክ እቆጥራለሁ፣ ዝም ሲልም እቆጥራለሁ። ለግማሽ ሰዓት ያህል አንዲት ምት ሳላዛንፍ ሄድኩ፤ ያኔ ይህ ያኮራኝ ነበር። በመጨረሻ ሳክስፎኑን ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ፣ ያለ ቁጣ፣ «ማንን ነው የምትጠብቀው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ሰርግ አለብኝ ብዬ ዱላዎቼን ሰብስቤ ወጣሁ። ዕለቱ ሐሙስ ነበር፤ ሰርግም አልነበረብኝም።

ዛሬም የሚያንገበግበኝ፣ የጠየቀኝን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው መሆኑ ነው። አጎቴ መሪጌታ ነበሩ። መረግድ በሚባለው የዝማሬ ደረጃ ላይ ዝግ ብሎ የተነሣ ከበሮ፣ ጽፋት የሚባለው ላይ ሲደርስ ማንም ሳይቆጥርለት ይፈጥናል፤ የሚመራው ዜማውና የሊቃውንቱ ትንፋሽ ነው። እጄ ሲቸኩል አጎቴ መቋሚያቸውን ትከሻዬ ላይ ያሳርፉ ነበር፤ ቃል አይናገሩም። አሜሪካ ስገባ ይህን ሁሉ እንደ ኋላቀርነት ቆጥሬ ጣልኩት።

በዚያው በኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ፣ የነጻ ጃዝ ድራም መቺው ሚልፎርድ ግሬቭስ ይኖር ነበር። እርሱንም ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለሐኪሞች ማስተማሪያ የተቀዳ የልብ ምት ሸክላ አግኝቶ ሲያዳምጥ ሙዚቃ ሰማበት። ጤነኛ ልብ እንኳ እንደ ሰዓት እኩል አይመታምና፣ በቤቱ ምድር ቤት የሰዎችን ልብ እየቀዳ ለአሥርተ ዓመታት አጠና። የድራሞቹን የታችኛውን ቆዳ አውልቆ፣ ስኔር የሚባለውን የሚንጫጫ ድራምም አስወግዶ ተጫወተ። እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 2012 ቤኒንግተን ኮሌጅ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ2018 የልቡን ጡንቻ የሚያደነድን በሽታ ተገኘበት፤ የገዛ ልቡን እያዳመጠ ቆይቶ በ2021 በዚያው ሞተ።

እናንተ የዛሬ ልጆች ከስልክ የሚመጣ ቆጣሪ ጆሯችሁ ውስጥ ካልገባ አንድ ዘፈን መጨረስ ያቅታችኋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ እኔ ያንን ቆጣሪ ሆድ ዕቃዬ ውስጥ ይዤው ስዞር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ነው የማውቀው። ቢሆንም እጅ መማር አለበት። ግሬቭስም አስቀድሞ በላቲን ባንዶች ውስጥ ኮንጋና ቲምባሌስ የሚባሉትን ከበሮዎች መትቷል። ስለዚህ አሥር ዓመት ተማሪ፤ ግን ተምሬ እስክጨርስ ብለሽ አንድም ሳምንት አትጠብቂ። ሁለቱ እንደሚጋጩ አውቃለሁ፤ ማስታረቁን አልቻልኩበትም።

ያ የብሩክሊኑ ሳክስፎን ተጫዋች ከዚያ ሐሙስ በኋላ ሦስት ጊዜ ደውሎ የስልኬ መቀበያ ላይ መልእክት ትቶልኛል። በሁለቱ ስሙንና ቁጥሩን ተናገረ። በሦስተኛው ምንም አልተናገረም፤ አንድ ደቂቃ ያህል ሳክስፎን ነፋ። መልሼ አልደወልኩለትም። ካሴቱ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ትንሽ ይነፋና ያቆማል፣ እንደገና ይነፋና ያቆማል፤ ከበሮው የሚገባበትን ቦታ እየተወልኝ ነበር።