ይህን ያለው ማን ነው?

ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት ከእናንተ አንዷ ጻፈችልኝ። መጽሐፈ ኢዮብን ጀምራ ምዕራፍ 5 ላይ ቆማለች። «ሊያጽናኑት የመጡት የኢዮብ ወዳጆች ንግግር ሁሉ መልካም ይመስለኛል፤ ታዲያ ጥፋታቸው ምኑ ላይ ነው? ብቻዬን ልቀጥል ወይስ ከሰዎች ጋር ላጥናው?» ትላለች። ሁለት መስመር መልስ ልጽፍላት ተቀምጬ ሦስት ቀን ፈጀሁ። እኔ ይህን ጥያቄ በጊዜው ባለመጠየቄ የበደልሁት ሰው አለ።

ከ30 ዓመት በላይ ጠበቃ ነበርሁ። በሥራዬ አንድ ቃል ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የማጣራው ማን እንዳለው፣ ለማን እንዳለውና ምን አይቶ እንዳለው ነው። ማን እንደ ተናገረው ያልታወቀ ቃል ይዞ ችሎት የቀረበ ወጣት ጠበቃ ባገኝ አላሳልፈውም ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ስገልጥ ግን ይህ ልማዴ ከካባዬ ጋር ቢሮ ተሰቅሎ ይቀራል። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ሁሉ በአንድ አፍ የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

በዚያን ጊዜ ስምንት ሆነን በየሳምንቱ እናጠና ነበር። ከመካከላችን አንዱ የሥራ ባልደረባዬም ነበር፤ ዝምተኛ፣ ሲናገርም ቃል የሚቆጥር ሰው። የሰባት ዓመት ልጁ ታማ ሞተችበት። በዚያ ሳምንት በክርክር ተወጥሬ ስለ ነበር ቤቱ ሳልሄድ ቀረሁና በምትኩ ደብዳቤ ላክሁለት። ከመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 5 ቁጥር 17ን፣ እግዚአብሔር የሚገሥጸው ሰው ምስጉን ነው የሚለውን፣ ጽሕፈቴን አሳምሬ ከላይ አሰፈርሁ። ስለ መከራ የሚናገር መጽሐፍ መከራ ለደረሰበት ሰው፤ ከዚህ የተሻለ ምን ይላካል ብዬ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጠይቀው ሄድሁ። ደብዳቤዬ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ከጥቅሱ ሥር በእርሳስ «ኤልፋዝ። 42፥7» ተብሎ ተጽፏል።

«ይህን ያለው ማን እንደ ሆነ ታውቅ ነበር?» አለኝ።

አላውቅም ነበር። ገልጬ አነበብሁ። በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ እግዚአብሔር ይህን የተናገረውን የኢዮብን ወዳጅ ኤልፋዝን ራሱን ጠርቶ በእርሱና በሁለቱ ወዳጆቹ ላይ መቆጣቱን ይነግረዋል፤ እንደ ኢዮብ ስለ እርሱ ቅን ነገር አልተናገሩምና። እኔ ለልጅቷ አባት የላክሁት የተነቀፈውን ሰው ቃል ነበር።

እዚያው ይቅርታ ብለው ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍሁ። ቤቴ ገብቼ ግን መልስ መፈለግ ጀመርሁ፤ አገኘሁም። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥19 ላይ «ተብሎ ተጽፏልና» ብሎ የሚጠቅሰው ያንኑ የኤልፋዝን ንግግር ነው፤ ከእኔ ጥቅስ አራት ቁጥር ብቻ ከፍ ብሎ፣ 5፥13ን። ስለ ተግሣጽም ምሳሌ 3 ተመሳሳይ ነገር ይናገራል፤ ዕብራውያን 12 ደግሞ ያንኑ ይደግመዋል። ይህን ሁሉ በወረቀት አደራጅቼ በሳምንቱ ተመልሼ ሄድሁና ቃሉ በራሱ ስሕተት እንዳልሆነ አስረዳሁት። ልጁ የሞተችበት ሰው ፊት ተቀምጬ ማስረጃ አቀረብሁ። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ክርክሩን ረትተሃል» አለኝና ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ።

ነገሩ የሚያስቸግረው ደግሞ ዛሬም ክርክሬ ልክ መሆኑ ነው። ለጠየቅሽኝ ልጄ የምመልስልሽ ይህንን ነው፦ የኤልፋዝን ዓረፍተ ነገር ከመጽሐፈ ምሳሌ ብታገኚው ምንም አይወጣለትም። እርሱ የተናገረው ግን ዐሥር ልጆቹን በአንድ ቀን ለቀበረ ሰው ነው። ያ ሰው ጻድቅ መሆኑን ደግሞ አንባቢው ከምዕራፍ 1 ጀምሮ ያውቃል፤ ወዳጆቹ አያውቁም። በዚያው ንግግር ቁጥር 25 ላይ ኤልፋዝ ለኢዮብ ዘርህ ይበዛል ይለዋል። አስቢው! ስምንት ቁጥር ብቻ ወደ ታች ባነብብ እጄ በቆመ ነበር።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ ጠዋት ጠዋት በስልክ አንድ አንድ ጥቅስ ትላላካላችሁ፤ ለእኔም ይደርሰኛል። ጅማሬህ ታናሽ ቢሆንም ፍጻሜህ ይበዛል የሚለውን ስንት ጊዜ እንደ ተቀበልሁት አልቆጥረውም። ተናጋሪው ሌላው የኢዮብ ወዳጅ በልዳዶስ ነው፤ ምዕራፍ 8 ቁጥር 7። ሦስት ቁጥር ከፍ ስትሉ ያው ሰው የኢዮብ ልጆች የሞቱት በኃጢአታቸው እንደ ሆነ ሲጠቁም ታገኙታላችሁ። እኔ ግን ስልክ ሳይኖረኝ በብዕር ያደረግሁት ስለ ሆነ ብዙ አልናገርም። ደግሞም የእናንተ ዘመን «ጥፋታቸው ምኑ ላይ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እኛ ስምንታችን መጽሐፉን ጨርሰን አልጠየቅንም።

ለዚህ ነው «ከሰዎች ጋር አጥኚ» ብዬ በቀላሉ የማልመልስልሽ። ስምንት ሆነን ያላየነውን ያ ሰው ሌሊት ብቻውን አገኘው። በሌላ በኩል እርሱ ባያሳየኝ እኔ እስከ ዛሬ አላየውም ነበር። በዚያ ጥናት አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ማንበብ ስለማይችሉ እያነበብንላቸው ይሰማሉ። አንድ ቀን «በመጨረሻ የኢዮብ በጎች ከ7,000 ወደ 14,000፣ ግመሎቹ ከ3,000 ወደ 6,000 እጥፍ ሆኑ፤ ልጆቹ ግን ያው ዐሥር ናቸው። ለምን?» አሉ። ከመካከላችን የሞቱት ልጆች ከቁጥር አልወጡም ማለት ይሆናል ያለ ነበር። እኔ እርግጠኛ አይደለሁም፤ አሮጊቷ ግን አለቀሱ።

መጀመሪያ ብቻሽን፣ 42ቱንም ምዕራፍ፣ ማብራሪያ ሳትገልጪ አንብቢው። በኅዳጉ ላይ የተናጋሪውን ስም በእርሳስ ጻፊ። ከዚያ ሰዎች ሰብስቢና ድምፁን ተከፋፈሉት፤ አንዱ ኢዮብን፣ አንዱ ኤልፋዝን፣ አንዱ በልዳዶስን ያንብብ። ወዳጆቹ በየተራ በዙር ይናገራሉ፤ በሦስተኛው ዙር በልዳዶስ በስድስት ቁጥር ብቻ ሲያበቃ፣ ሦስተኛው ወዳጅ ሶፋርም ጨርሶ ሲጠፋ በጆሯችሁ ትሰሙታላችሁ፤ ነገር ያለቀበት ጠበቃም እንዲሁ ነው። ከእነርሱ በኋላ የሚነሣው ወጣቱ ኤሊሁ ስድስት ምዕራፍ ሙሉ ተናግሮ አንድም ሰው አይመልስለትም፤ ስለ እርሱ ያለኝን ለራሴ ልተወው። 13፥15 ላይ ስትደርሱ ትርጉሞች ከተለያዩባችሁ አትደንግጡ፤ በዕብራይስጡ «ለእርሱ» እና «አይደለም» የሚሉት ቃላት አነባበባቸው አንድ ስለ ሆነ ኢዮብ ተስፋ አደርጋለሁ አለ ወይስ ተስፋ የለኝም አለ የሚለው ከጥንት ጀምሮ ያከራክራል።

ወዳጄ ወደ ጥናቱ ተመልሶ መጣ፤ አጠገቤም ይቀመጥ ነበር፤ ስለ ደብዳቤው ግን ሁለታችንም አላነሣንም። ከዓመታት በኋላ ሥራ ቀይሮ ርቆ ሄደ። ኤልፋዝ ይቅርታ ያገኘው ኢዮብ ስለ እርሱ ከጸለየ በኋላ ነው፤ 42፥8-9 ላይ አለ። የእኔው ሰው ጸልዮልኝ እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም።