መብራት ሲሄድ የሚጎድል ቡና

ሰሞኑን ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ አንድ ልጅ ሥራ ሊጀምር ሲል ጠየቀኝ፤ «ጋሼ፣ ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ሁሉንም ይሠራልኝ የለ? ኮኔክሽን፣ ትራንዛክሽን እያልኩ ወደ ታች መውረድ ለምን ያስፈልገኛል?» ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ፕሮግራምን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኝ የዶት ኔት ላይብረሪ ነው፤ ኮኔክሽን ከዳታቤዙ ጋር የሚከፈተው መስመር ነው፤ ትራንዛክሽን ደግሞ ብዙ ትእዛዞች አብረው እንዲገቡ ወይም አብረው እንዲወድቁ ማሰሪያው። አጭር መልስ ሰጥቼ ሸኘሁት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ አንድ ሰው ትዝ አሉኝ።

ዶት ኔት የሚባለው የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ነው። እዚሁ ጅማ አንድ ቡና ነጋዴ ዘንድ ተቀጠርኩ። ፕሮግራሙን የጻፉት ከእኔ በፊት የነበሩ ናቸው፤ የእኔ ሥራ ሪፖርት መጨመርና የተበላሸ መጠገን ነበር። የክላስ ላይብረሪውን፣ ከዶት ኔት ጋር የሚመጣውን ዝግጁ ኮድ፣ መግለጫ የምናነበው ኤም ኤስ ዲ ኤን ከሚባለው የማይክሮሶፍት ሲዲ ነው፤ ሲዲው እንዳይጫር እንደ ዕንቁላል እንይዘው ነበር። እናንተ የዛሬ ፕሮግራመሮች መልሱን ከስልካችሁ ላይ ወዲያው ታገኙታላችሁ። ታገኙታላችሁ እንጂ ስታነቡት አላይም።

ጀንፈሉ፣ ከነገለባው የደረቀው ቡና፣ በፈረሱላ ይመዘናል፤ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ጸሐፊዋ ሚዛኑ አጠገብ ባለው ኮምፒውተር የአቅራቢውን ስምና ክብደቱን አስገብታ «መዝግብ» ስትል ፕሮግራሙ መጀመሪያ ክምችቱን ይጨምራል፣ ቀጥሎ ክፍያውን ይመዘግባል፣ በመጨረሻ ደረሰኝ ያትማል። ዳታቤዙ ያለው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዩ ፒ ኤስ ያለው ማሽን ላይ ነው። የሚዛኑ ኮምፒውተር ዩ ፒ ኤስ አልነበረውም።

የመጋዘኑን ኃላፊ ሁላችንም «ጋሽዬ» ነበር የምንላቸው። ቆጠራ በተደረገ ቁጥር መዝገቡ ላይ ያለው ቡና መጋዘን ውስጥ ካለው ይበልጣል። እሳቸው በእጃቸው የሚሞሉት ባለ ጥቁር ሽፋን ደብተር ነበራቸው፤ ደብተሩ ከመጋዘኑ ጋር ይገጥማል፤ ግን ኮምፒውተር እያለ ደብተር ማን ያምናል? አንድ ቀን ሒሳብ ክፍል በር ላይ ቆመው «ልጆች፣ ይሄ ነገር መብራት በሄደ ቀን ነው የሚጎድለው» አሉ። «ኮምፒውተሩ ሲጨልምበት ቡና ይጠጣል እንዴ!» አለ አንዱ። ሳቅን። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከደመወዛቸው ተቆረጠ። ትንሽ ቆይተው ለቀቁ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላም ጉድለቱ አልቀረም። ያኔ ነው ኮዱን ከላይ እስከ ታች ያነበብኩት። ክምችቱን የሚጨምረው ትእዛዝ የራሱን ኮኔክሽን ከፍቶ ይዘጋል፤ ክፍያውን የሚመዘግበውም የራሱን። ትራንዛክሽን የለም። ትራንዛክሽን ካልከፈታችሁ ዳታቤዙ፣ ኤስ ኪው ኤል ሰርቨር፣ እያንዳንዱን ትእዛዝ ለብቻው ያጸድቀዋል። በሁለቱ መካከል የሚዛኑ ኮምፒውተር ከጠፋ ክምችቱ ገብቷል፣ ክፍያው አልገባም፣ ደረሰኝም አልወጣም። መብራት ሲመጣ ጸሐፊዋ ምን ታድርግ? ደረሰኝ ስላላየች ሁሉንም እንደገና ታስገባለች። አንዱ ጭነት ክምችት ላይ ሁለቴ፣ ክፍያ ላይ አንዴ ተመዘገበ ማለት ነው። ገንዘቡ ልክ ስለሆነ ሒሳብ ክፍል ምንም አይታየውም፤ ዕዳው የሚያርፈው መጋዘኑ ላይ ነው።

ላይብረሪው ምንም አላጓደለም። ትራንዛክሽን የሚከፍተው ቢጊን ትራንዛክሽን የሚለው ሜተድ ኮኔክሽኑ ላይ ነበር፣ መግለጫውም እዚያው ሲዲ ላይ። ሁለቱን ትእዛዞች በአንድ ኮኔክሽንና በአንድ ትራንዛክሽን አሰርኳቸው፤ ጉድለቱ ከሞላ ጎደል ቆመ። ለባለቤቱ ስነግራቸው «ያለፈ አለፈ» አሉኝ። ጋሽዬን ግን ፈልጌ አልነገርኳቸውም። ቤታቸው ሄርማታ ሰፈር እንደሆነ አውቅ ነበር። አንድ ጊዜ አዌቱ ድልድይ ላይ ተገናኝተን ስለ ጤናዬ፣ ስለ እናቴ ጠይቀውኝ አለፉ። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ኢንቲቲ ፍሬምወርክ፣ ሴቭ ቼንጅስ የሚለውን የማስቀመጫ ትእዛዝ ስትጠሩ፣ የተጠራቀመውን ለውጥ ሁሉ በአንድ ትራንዛክሽን ያስገባል፤ ልጁ እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ሁለት ጊዜ ከጠራችሁት ግን ሁለት ትራንዛክሽን ነው። ክምችቱን ጨምሮ ሴቭ ቼንጅስ፣ ክፍያውን ጨምሮ ሴቭ ቼንጅስ የሚል ኮድ ዛሬም ሞልቷል፤ ሪፖዚተሪ በሚባሉት፣ የዳታቤዙን ሥራ በሚይዙ ክላሶች ውስጥ ስለሚደበቅ የጻፈው ሰው እንኳ አይታየውም። የትኛው ከየትኛው ጋር አብሮ መግባት፣ አብሮም መውደቅ እንዳለበት ላይብረሪው ከየት ያውቃል? ይህንን የሚያውቁት ጋሽዬን የመሰሉ ሰዎች ናቸው፤ እናንተ ደግሞ ከእነሱ ጋር ቁጭ ብላችሁ ስታወሩ አላያችሁም።

ኮኔክሽን መዝጋት፣ ለትእዛዙ የሚሰጠውን ዋጋ በፓራሜትር ለይቶ ማስገባት፣ ለገንዘብ ዴሲማል የሚባለውን የቁጥር ዓይነት መምረጥ፤ ይሄን መምህራኖቻችሁ ነግረዋችኋል። ላይብረሪው የሠራውን ደግማችሁ አትሥሩ የሚለውንም እንዲሁ። እኔ ራሴ ግን የወር መዝጊያ ሪፖርት ሲሆን እስከ ዛሬ ለዳታቤዙ የሚሰጠውን የኤስ ኪው ኤል ትእዛዝ በእጄ ነው የምጽፈው፤ ላይብረሪው የሚጽፈውን አላምነውም። ቀን መቁጠሪያም ሌላ ጣጣ ነው። ዶት ኔት የሂጅራውን፣ የዕብራይስጡን፣ የፋርሱን፣ የታይላንዱን ሁሉ ይዞ የእኛን ትቶታል። ሁሉም የየራሱን መቀየሪያ ይጽፍና ጳጉሜን 6 ላይ ይወድቃል። ዳታቤዙ ውስጥ የፈረንጁን ቀን አስቀምጡ፤ ስክሪንና ደረሰኝ ላይ ብቻ ወደ እኛው ቀይሩት።

ለልጁ አንድ ሥራ ሰጥቼዋለሁ። በሁለቱ ትእዛዞች መካከል ፕሮግራሙን እዚያ ላይ የሚያቆም ብሬክ ፖይንት አድርጎ ፕሮግራሙን በታስክ ማናጀር ይግደለው፤ ከዚያ ሠንጠረዦቹን ከፍቶ ይመልከት። ቀጥሎ ደግሞ ኮሚት፣ ትራንዛክሽኑን የሚያጸድቀው ትእዛዝ፣ ካለፈ በኋላ፣ ደረሰኙ ሳይወጣ ይግደለው። እዚህ ላይ ትራንዛክሽን ብቻውን አያድነውም፤ ጸሐፊዋ ደረሰኝ ስለማታይ ጭነቱን እንደገና ታስገባዋለች። ከሞላ ጎደል ያልኩትም ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ጭነት የማይደገም ቁጥር ይዞ ሠንጠረዡ ላይ አንድን ቁጥር ሁለቴ የማይቀበል ዩኒክ ኢንዴክስ መጣል ነው። ቁጥሩንም ፕሮግራሙ ባይፈጥረው ይሻላል፤ ሚዛኑ ላይ ከሚቆረጠው ወረቀት ይወሰድ።