ጥያቄና መልስ፦ ቦይለር የሚጨርስ ውሃን ማለስለስ

ኖራ የበዛበት ውሃ በሚወርድባቸው ከተሞች የሚኖሩ አባላት የላኳቸው ጥያቄዎች ከዚህ በታች ቀርበዋል። የመለሰው የውሃ ማጣሪያና የቧንቧ ሥራ የሚያውቅ አባል ነው።

ጥያቄ (ድሬዳዋ)፦ ቦይለራችን ሬዚስታንስ (ውሃውን የሚያሞቀውን ብረት) ይፈጃል። ችግሩ ከዕቃው ነው ከውሃው?

መልስ፦ ድሬዳዋ ከሆኑ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ውሃው ነው። የከርሰ ምድር ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይመጣል። ሲሞቅ ካልሲየሙ ሬዚስታንሱ ላይ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል። ቅርፊቱ ሙቀት ስለማያሳልፍ ሬዚስታንሱ ከመጠን በላይ ይግልና ይሰነጠቃል፤ ያኔ ብሬከሩ መዝለል ይጀምራል።

አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ያጽዱት። ብሬከሩን ያጥፉ፣ የመግቢያውን ሳራቺኔስካ ይዝጉ፣ ውሃውን ያፍስሱ፣ ከዚያ ሬዚስታንሱን ፈትተው ያውጡ። በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ በጥብጠው ቅርፊቱ መፍላቱን እስኪያቆም ይዘፍዝፉት፤ አቼቶም ይሠራል፣ ግን ቀርፋፋ ነው። በቢላ አይፋቁት፣ ሽፋኑ ይጎዳል። በረኪና ከአቼቶም ሆነ ከሲትሪክ አሲድ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አኖዱ (ታንከሩን ከዝገት የሚከላከለው ዘንግ) አልቆ ከሆነ በዚሁ አጋጣሚ ይቀይሩት፣ ጎሚኒውንም ይዩት። መልሰው ሲገጥሙ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍተው ያለ አየር እስኪወርድ ይጠብቁ፤ ታንከሩ ሳይሞላ መብራት ከለቀቁ አዲሱም ሬዚስታንስ ወዲያው ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ ውሃዬ ጠንካራ (ኖራ የበዛበት) መሆኑን በቤቴ እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ያዘጋጁ፤ አንዱን በቧንቧ ውሃ፣ ሌላውን በዝናብ ውሃ እስከ ሲሶው ይሙሉ። በሁለቱም እኩል የሰውነት ሳሙና ፈቅፍቀው ይናጡ። ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና አይጠቀሙ፣ እሱ በጠንካራ ውሃም አረፋ ያወጣል። የቧንቧው አረፋ ሳይዝ ውሃው እንደ ወተት ከደፈረሰ ጠንካራ ነው። ማሽን ለመግዛት ግን ቁጥር ያስፈልጋል፤ ላቦራቶሪ ጠቅላላ ጥንካሬውን በሚሊግራም በሊትር ይነግርዎታል። ከ180 በላይ ሲሆን በጣም ጠንካራ ይባላል።

ጥያቄ፦ ሶፍትነር (ውሃ ማለስለሻ ማሽን) ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ውስጡ ያለው ሬዚን የሚባል ጥቃቅን እንክብል ካልሲየምና ማግኒዚየምን ይዞ በምትኩ ሶዲየም ይለቃል። ስለዚህ ቦይለርና ልብስ ማጠቢያ ማሽን ዕድሜያቸው ይረዝማል፣ የሻወር ቀዳዳ አይደፈንም፣ ሳሙናና ኦሞ ይቆጥባሉ፣ ነጭ ልብስም አይግራጭም። ሽምብራና ባቄላም ቶሎ ይበስላል፤ ጠንካራ ውሃ የእህሉን ልጣጭ ስለሚያጠነክር ንፍሮው እሳት ይፈጃል። ለዚህ ግን ሶፍትነር መግዛት አያስፈልግም፣ ሲዘፈዘፍ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ አምስት ነን። ስንት ሊትር ሬዚን? ስንት ጨው?

መልስ፦ አንድ ሊትር ሬዚን በተግባር 50 ግራም ያህል ጥንካሬ ይይዛል ብለው ያስሉ። 25 ሊትር ሬዚን 1,250 ግራም ይይዛል። ጥንካሬው በሊትር 400 ሚሊግራም ከሆነ ወደ 3,100 ሊትር ውሃ ያለሰልሳል ማለት ነው፤ በቀን 300 ሊትር ለሚጠቀም ቤት አሥር ቀን። ከዚያ ሬዚኑ እንደገና እንዲሠራ በጨው ውሃ ይታጠባል፣ በአንድ ጊዜ ወደ 4 ኪሎ ጨው ይሄዳል። ለቦይለሩና ለማሽኑ መስመር ብቻ ካስገቡት ወጪው በጣም ይወርዳል፤ የምመክረውም ይህንኑ ነው። የጓሮውና የመጸዳጃው ውሃ ባለበት ይቅር።

ጨው ሲገዙ ንጹሕና ጥራጥሬው ትልቅ የሆነውን ይምረጡ። ጭቃ ያለበት ያልታጠበ ጨው መምጠጫውን ይደፍናል። የደቀቀው ደግሞ ተጋግሮ ከላይ ጣሪያ ይሠራል፤ ጨው ያለ ይመስላል፣ ከሥር ግን ውሃው ጨው አልነካውም።

ጥያቄ፦ መብራትም ውሃም በሚጠፋበት ሰፈር ይሠራል?

መልስ፦ ብዙዎቹ የሚበላሹት በዚህ ነው። መብራት ሲጠፋ ሬዚኑ የሚታጠብበትን ጊዜ የሚይዘው የሶፍትነሩ ሰዓት ማስታወሻ ባትሪ ከሌለው ይዛባና ሻወር ላይ እያላችሁ ሬዚኑ መታጠብ ይጀምራል። የጨው ውሃውን የሚስበው ደግሞ የውሃው ግፊት ራሱ ነው፤ ግፊት ከሌለ ጨው ሳይገባ ዑደቱ ያልቃል፣ በማግስቱ ኖራው እንደነበረ ይወርዳል። ሶፍትነሩን ከሮቶው ፓምፕ በኋላ ይግጠሙ፣ ወደ 2 ባር ግፊት ያግኝ። የሚቻል ከሆነ በእጅ የሚዞር ቫልቭ ያለውን ይግዙ፤ ዘመናዊ አይመስልም ግን መብራት አይጠይቅም። ውሃው ሶፍትነሩን ሳይነካ የሚያልፍበት ማለፊያ መስመርም ያስቀሩለት።

ጥያቄ፦ እናቴ ደም ግፊት አለባቸው። ይጠጡት?

መልስ፦ ባይጠጡት ይሻላል። 400 የነበረ ጥንካሬ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ በሊትር 184 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም ይጨመራል፤ በቀን ሁለት ሊትር ቢጠጡ 368። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2,000 በታች ይሁን ይላል። የማድ ቤቱን አንድ ቧንቧ ሳይለሰልስ ይተዉት፤ የሕፃን ወተትም በሱ ይበጥበጥ። ጠንካራ ውሃ ለመጠጥ በራሱ ጉዳት የለውም።

ጥያቄ (መቀሌ)፦ አፍልተን ብናጠልለውስ?

መልስ፦ ከባይካርቦኔት የመጣውን ጥንካሬ ማፍላት ያወርደዋል፤ ጂፕሰም ከሚባለው ድንጋይ የመጣው ግን አይነቃነቅም፣ በመቀሌ ዙሪያ ደግሞ ጂፕሰም አለ። አፍልተው ከማንቆርቆሪያው ሥር ነጭ ዝቃጭ ካላዩ በከንቱ እንጨት አያቃጥሉ።

ጥያቄ (ዝዋይ)፦ ለጥርስ መበለዝስ?

መልስ፦ አይረዳም። ያ ፍሎራይድ ነው፣ ሶፍትነር አይነካውም። ለእሱ የአጥንት ከሰል ማጣሪያ አለ።

ጥያቄ፦ ቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔት?

መልስ፦ ካልሲየሙን አያወጣም። ገንዘብዎን ይያዙ።

ጥያቄ፦ አቅሙ የለኝም፣ ልብስ የማጥበው በእጄ ነው።

መልስ፦ ለ20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ የማጠቢያ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት፣ ጨምረው ያማስሉና ነጩ እስኪዘቅጥ ይተዉት። ከላይ ያለውን ቀድተው ይጠቡበት። ሲገዙ ኮስቲክ ሶዳ እንዳይሰጥዎ ስሙን በደንብ ያንብቡ፤ እሱ እጅ ይልጣል። ሐርና ሱፍ በዚህ ውሃ አይታጠብም። በክረምት ደግሞ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደው ዝናብ በነፃ የለሰለሰ ውሃ ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ይጠብ፣ ከዚያ በርሜሉን ያስቀምጡ።